ዘጠና ስምንት ዲግሪ

ሰርጉ ሊደርስ አስር ሳምንት ሲቀረው የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ሙሽራዋ ስልሳ አራት ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር ጽፋ፣ ወላጆቿ ቤት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፋለች። ሃያ ሁለቱ አልቀው ተሰርዘዋል። አስራ ሰባተኛው ተራ ላይ «ኬክ፦ አባዬ» ይላል፤ ካላለቁት ተራዎች መካከል አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ያልተደረገበት እሱ ብቻ ነው። አባዬ የተባለው ሰው ሁለት ምድጃ፣ አንድ ማቡኪያ ማሽን፣ ግራም የማይስት ሚዛን፣ አንድ ሰማያዊ ደብተርና የሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ ያለው ጋጋሪ ነው። አፍንጫው ግን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አንዳች ነገር አሽትቶ አያውቅም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ቢያንስ እሱ የሚያምነው እንደዚያ ነበር።

ነገሩ የመጣው በአንድ ብርድ ወቅት ነው። ትኩሳት ዘጠኝ ቀን አልጋ ላይ ጣለው፣ በአስረኛው ቀን ለቀቀው፤ ሲለቀው ግን ሽታን ይዞበት ሄደ። ሰውየው በተፈጥሮው ከመደንገጡ በፊት የሚለካ ነው። ሠራተኞቹ «ጋሽ ሚዛን» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሰኞ ሰኞ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ኮምጣጤ፣ ያረረ ስኳርና ነጭ ጋዝ በሦስት ብርጭቆ ይደረድርና ዓይኑን ጨፍኖ በየተራ ያሸታል። ውጤቱን ከዜሮ እስከ አስር በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ይመዘግባል። መቶ አስራ ሁለት ሰኞ፣ መቶ አስራ ሁለት ጊዜ ዜሮ።

ለሰው ቢናገር የሚከተለውን አሳምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ «አይዞህ» ይሉታል፣ ቀጥሎ ኬኩን ከሌላ ቦታ ያዛሉ። ስለዚህ አፍንጫውን በመሣሪያ ተካው። ጫፉ መርፌ የሆነ ቴርሞሜትር ገዛ። መርፌው ኬኩ መሃል ገብቶ ዘጠና ስምንት ዲግሪ ካሳየ ኬኩ በስሏል፤ ካላሳየ አልበሰለም። በዚህ ዘዴ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኬክ እንኳ አላረረበትም። በዚህ ውስጡ ይኮራ ነበር። ያልተሳካለት የገዛ ጠረኑን መመጠን ነው። ሽቶውን በሁለት ጠብታ ጀመረ፤ ምንም አልተሰማውም። ወደ አራት ከፍ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ። የሱቁ ደንበኞች ጋሽ ሚዛን በስተርጅና ሴት ጀምሯል እያሉ ያሙት ነበር።

ልጁ የሰርጉን ቦታ የነገረችው እራት ላይ ነው።

«ተራራው ላይ ነው፣ እሱ ቤት» አለች። እሱ የተባለው ሙሽራው ደን ጠባቂ ነው፤ እናቱ እዚያው ጫካው ጫፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላት። «በመጸው፣ ቅጠሉ ሁሉ በቀላበት ሳምንት። አንድ ችግር ግን አለ፣ አባዬ። መንገዱ ላይ ሃምሳ ሦስት ኩርባ አለ፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።» ልጅቱ መንገድ ቀያሽ ናት፤ ከአባቷ የወረሰችው ቁመትና መቁጠር ነው። «ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ያን ሁሉ ዞሮ በእግሩ ቆሞ አይደርስም።»

«እዚያው እጋግረዋለሁ።»

«እናቱ እኔ ልጋግር ብላለች። ምድጃ አላት። አንተ ለአንድ ቀን እንግዳ ሁን።»

«በልጄ ሰርግ እንግዳ! በይ እንደሱ ከሆነ የጥሪ ወረቀት ይላክልኝና አይቼው እወስናለሁ።»

ልጅቱ ሳቀች። እናቷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሱቁን ከፊት ለፊት የምትይዘው፣ ደንበኛ የምታስተናግደው እሷ ናት።

«ለሙከራ ስትወጣ እኔም አብሬህ ልውጣ» አለችው።

«ሱቁስ?»

«አንድ ቅዳሜ ቢዘጋ ከተማው በረሃብ አያልቅም።»

«ቅዳሜ! ሴትዮ፣ ከሁሉም ቀን መርጠሽ ቅዳሜ?»

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ልጇን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች።

የሙከራው ቅዳሜ ሰርጉ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሆነ፤ ሚስቱ ሱቁን ይዛ ቀረች። ማረፊያው አስራ ሁለት ክፍል ያለው የእንጨት ቤት ነው። ከፊቱ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ከሜዳው ወዲያ ዛፎቹ ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀላ ማለት ጀምሯል። ልጅቱ ካስማና ገመድ ይዛ የጠረጴዛዎቹን ቦታ ስትለካ፣ ሙሽራው የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዞ «ወደ ግራ» ባለችው ቁጥር ሆን ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሳቃቸው ወጥ ቤቱ ድረስ ይሰማል።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። ባለማረፊያዋ፣ የሙሽራው እናት፣ ጋጋሪውን ላግዝ ብላ እጇን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ሰደደች።

«እትዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» አላት ጋጋሪው።

«እፍኝ ነው።»

«የማን እፍኝ?»

«የራሴ ነዋ! የጎረቤት እፍኝ ተውሼ ልምጣልዎ?»

ጋጋሪው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሚዛኑን ከሻንጣው አወጣ። ሴትየዋ እጇን አራገፈች፤ «በሉ እንግዲህ፣ ፋርማሲውን ለርስዎ ትቼዋለሁ» ብላ አንሶላ ልታሰጣ ወጣች።

ሁሉንም መዘነ። አቦካ፣ ትሪውን ቀባ፣ አራት ሰዓት ከአስር ላይ ምድጃ ውስጥ አስገባ። በሃያኛው ደቂቃ ኬኩ ሱቁ ውስጥ አይቶት በማያውቀው ፍጥነት ተነፍቶ አገኘው። ደስ አለው። «የተራራ አየር ተስማምቶታል» ብሎ ጻፈ። በአርባኛው ደቂቃ መርፌውን ወጋ፤ ሰማንያ ስምንት። በአርባ አምስተኛው ዘጠና አንድ። በሃምሳኛው ዘጠና አንድ። በሃምሳ አምስተኛውም ዘጠና አንድ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ቴርሞሜትሩን በጣቱ ኮረኮመው። ባትሪውን ቀየረ። ዘጠና አንድ። ምድጃው አቅም አንሶት ይሆናል ብሎ እሳቱን ጨመረ፣ ወንበር ስቦ ከምድጃው በር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጠና ዘጠና ስምንትን መጠበቅ ጀመረ። ደብተሩ ጭኑ ላይ፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ ሆነው።

«ኧረ ምንድን ነው እንዲህ የሚነደው!» ባለማረፊያዋ እርጥብ አንሶላ በትከሻዋ እንደተሸከመች ዘላ ገባች።

«የሚነድ ነገር የለም፣ እትዬ። ገና ሰባት ዲግሪ ይቀረዋል።»

«ዲግሪ? ሰውዬ፣ ከልብስ መስጫው ድረስ እኮ ሸተተኝ!» ምድጃውን ከፈተችው። ያኔ ጢሱ ወጣ። ኬኩ ከላይ ጥቁር ጫማ መስሏል፤ መሃሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገብቷል። ጋጋሪው መርፌውን አየ። መርፌው አሁንም ዘጠና አንድ ይላል።

ልጁና ሙሽራው እየሮጡ በሩ ላይ ደረሱ። ልጅቱ ጢሱን አየች፣ ኬኩን አየች፣ ከዚያ አባቷ የተቀመጠበትን ወንበር አየች። ከወንበሩ እስከ ምድጃው ያለውን ርቀት በዓይኗ ስትለካው አባቷ አስተዋለ። ሥራዋ ነው፤ ርቀት አይጠፋባትም።

«አባዬ፣ አልሸተተህም?»

«ትንሽ ጉንፋን ነገር...»

«አባዬ።»

ሙሽራው ከኬኩ ጥግ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተና «ጥሩ ነው እኮ» አለ። ማንም አላመነውም፤ ሲውጠው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እናቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ይዛው ወጣች።

ጋጋሪው ለልጁ ሁሉንም ነገራት። ትኩሳቱን፣ ሦስቱን ብርጭቆ፣ አሁን መቶ አስራ አምስት የደረሰውን ዜሮ። ሲናገር የሚያየው እሷን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ነበር። ጨርሶ ደብተሩን ዘጋው።

«ስለዚህ ከዝርዝርሽ ላይ ሰርዢኝ» አላት። «ሴትየዋ ትጋግር ወይም ከከተማ ይታዘዝ። ሽታ የማያውቅ ሰው የልጁን ኬክ ልጋግር ብሎ መነሳቱ ራሱ ድፍረት ነው። ለነገሩ ከሰርጉ በኋላ ሽርጤንም ልሰቅል ነው።»

ሽርጥ መስቀል ያለው ሥራውን መተዉን ነው፤ ቀለል አድርጎ ተናገረው። ልጅቱ ትንሽ ድስት ውሃ ሞልታ ሌላው ምድጃ ላይ ጣደች።

«ሻይ አልፈልግም» አላት።

«ሻይ ማን ሰጠህ? መርፌህን አምጣ።»

ውሃው ፈላ፤ ተንተከተከ። መርፌውን ከተተችው። ዘጠና አንድ አለ።

«እዚህ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሜትር ላይ ነን» አለች። «ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ዲግሪ ይፈላል። ከተማ በመቶ፣ እዚህ በዘጠና አንድ። ኬክህ ውስጥ እርጥበት እስካለ ድረስ ከዚያ አያልፍም። እስከ ነገ ብትጠብቀው ዘጠና ስምንት አይመጣም ነበር።»

ሰውየው ድስቱን አየ። «መሣሪያው ልክ ነበር ማለት ነው» አለ በቀስታ።

«መሣሪያው ልክ ነበር። ስልኩን ስጠኝ፣ እማዬን የምጠይቃት አለኝ።»

በድምፅ ማጉያ ደወለች። ከወዲያ የሱቁ ደወል ሲንቃጨል ተሰማ።

«እማዬ፣ የአባዬን አፍንጫ ታውቂ ነበር?»

«አረረ አይደል?» አለች እናትየው። «እኔም ልምጣ ብዬው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለ ጋጋሪው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ።

«ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ። የተበላሸ ወተት ጠጥተህ 'ጥሩ ነው' ስትለኝ። ደግሞስ ያን ሁሉ ሽቶ ጤነኛ ሰው ይቀባል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋጋሪው መርፌውን ከድስቱ አወጣ።

«ወደ ኋላ ክፍል የወረቀት ከረጢት ልወስድ እየመጣሁ ምድጃውን አሸት ነበር» አለች ሚስቱ። «ሊያርር ሲል እሳቱን ቀነስ አድርጌ እወጣለሁ። አስራ አንድ ጊዜ።»

«አስራ አንድ ጊዜ!»

«ቆጥሬዋለሁ። ካንተ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሬ መቁጠር አይጋባብኝም? ቆይ ደንበኛ መጣ።» ዘጋችው።

ጋጋሪው ደብተሩን እንደገና ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኮራባቸው ገጾች ነበሩ፤ ከነዚያ ውስጥ አስራ አንዱ የሚስቱ እጅ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑም አያውቅም። ግን ደግሞ፣ እንደ ሥራ ሰው ሲያስበው፣ ሁለት ዓመት፣ ስድስት መቶ ገደማ ኬክ። ከስድስት መቶ አስራ አንድ። በልቡ አካፈለው። መቶ ኬክ ላይ ሁለት አይሞላም። ከዚህ የባሰ አፍንጫቸው የሚሠራ ጋጋሪዎች ያውቃል።

ባለማረፊያዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መስማቷንም አልደበቀችም።

«የኔንም ልንገርዎ፣ ጋሼ» አለች። «ሃያ ዓመት እዚህ ምድጃ ላይ ጋግሬያለሁ። ሲደርስ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ፤ ስቼ አላውቅም። ሊጡ ግን ግማሹን ጊዜ ይወጣልኛል፣ ግማሹን ጊዜ ዶሮዎቹ ይበሉታል።»

«ግማሹን ጊዜ!» ጋጋሪው ከወንበሩ ተነሳ። የራሱን ሐዘን ረሳው። «እትዬ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው? ይምጡ እስቲ። እፍኝዎን ሚዛኑ ላይ ያድርጉት።»

አንድ መቶ አርባ ሁለት ግራም። «ድገሙት።» መቶ አስራ ስምንት። «ድገሙት።» መቶ ስልሳ አንድ።

«አዩ?» አላት። «ሦስት ሴት ነዎት።»

ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጅቱ ከቦርሳዋ የዝርዝሩን ቅጂ አወጣች፣ አስራ ሰባተኛው ተራ ላይ ከ«አባዬ» ቀጥላ «እና አማቴ» ብላ ጨመረችና መልሳ አጠፈችው። ስለ ሽርጥ ማንም አላነሳም።

ከዚያ በኋላ አምስት ተከታታይ ቅዳሜ ሱቁ ተዘጋ። ባልና ሚስት ሃምሳ ሦስቱን ኩርባ ወጡ፣ ወረዱ። ጋጋሪው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ ቀነሰ፤ መሃሉ መግባቱን ተወ። በሁለተኛው ወተት ጨመረ፤ መድረቁ ቀረ። በሦስተኛው ምድጃውን በአስር ዲግሪ አሞቀ። ባለማረፊያዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አተር እየፈለፈለች አፍንጫዋን ወደ ምድጃው ታቀናና «ደረሰ!» ትላለች። እሱ ወዲያው መርፌ ይወጋል፣ ሰዓት ያያል፣ ይጽፋል። ጠባቸውም እንደ ሊጡ ይነፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሳታየው የተመዘነ ስኳር ላይ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፤ ሚዛኑ ላይ አራት ግራም አይቶ «ማነው የገባው?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ሌባ የገባ መስሎት ተሯሯጠ።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር አስተዋለ። ሴትየዋ «ደረሰ» ከማለቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ከምድጃው የሚመጣው ድምፅ ይለወጣል። ጥሬ ኬክ ውስጡ ያሉት አረፋዎች ሲፈነዱ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ሲበስል ያ ድምፅ ይሳሳና እዚህም እዚያም ብቻ ይቀራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ማቡኪያ ማሽን አጠገቡ ሲያጓራ ኖሮ ሰምቶት አያውቅም። በደብተሩ አራተኛ ዓምድ አሰመረ፤ አናቱ ላይ «ድምፅ» ብሎ ጻፈ። በአምስተኛው ቅዳሜ ጆሮውን ብቻ ይዞ ከሴትየዋ አፍንጫ ጋር ተወዳደረ። ልዩነታቸው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ሆነ።

የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ተራራው ከላይ እስከ ታች ቀልቷል። ብርድ ነው፤ ፀሐይ ግን አለች። ጋጋሪው ሦስቱን ትሪ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ዞር ሲል ባለማረፊያዋ በወፍራም ሻርፕ እስከ ዓይኗ ተሸፍና ገባች።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ?»

«ደህዳ» አለች። አፍንጫዋ ቀልቶ አብጧል። «ጉድፋድ ይዞዳል። ሌሊቱድ ሙሉ ሳስደጥስ አደርኩ። አይሸተኝም፣ ጋሼ። ዶሮ ቤት ሄጄ ሞከርኩት። ምድም የለም።»

ጋጋሪው እጁን ከሽርጡ ላይ አላነሳም። መቶ አስራ ሁለት እንግዳ፣ ሦስት ትሪ፣ ሁለተኛ ለመጋገር የሚበቃ እንቁላል የለም።

ወሬው ቤቱን በአንድ ደቂቃ አዳረሰው። ሚስቱ መጣች። ልጁ ጸጉሯ ግማሹ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ እንደተበተነ መጣች። ሙሽራው ሜዳው ላይ ወንበር መደርደሩን ትቶ መጣ። ሁሉም ምድጃው ፊት ቆመው አፍንጫቸውን አሾሉ።

«ደረሰ» አለች ሚስቱ።

«ኧረ አልደረሰም! ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል» አለች ልጁ።

«ልጄ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ኬክ ሳሸት...»

«ይቺ የኔ የጸጉር ማሽን ናት የምትሸተው» አለች ልጅቱ ጸጉሯን እየነካች። «ግራ ገባኝ።»

«እኔ ደግሞ ጥሩ ይሸተኛል» አለ ሙሽራው። ማንም አልሰማውም፤ የሱ ምስክርነት ከጥቁሩ ኬክ ወዲህ ዋጋ የለውም።

«አውጣው ስልህ!» «ተወው አባዬ!» «መርፌውድ ይውጉት!» መርፌው ዘጠና አንድ ብሏል፤ ይህን ካለ ግን አምስት ደቂቃ አልፎታል፣ ከዚህ በላይ የሚለው የለውም።

«ዝም በሉ!» አለ ጋጋሪው።

ቤተሰቡ ላይ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሁሉም ጸጥ አለ። የምድጃውን በር ገርበብ አደረገ፣ ትልቁን ትሪ በጨርቅ ይዞ ወደ ራሱ ሳበና፣ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ኬኩ አስጠጋ። ሙቀቱ ጉንጩን ገረፈው። ደረቅ ቅጠል ይረገጣል፤ ብዙ እግር ነው። መልሶ አስገባው። አንድ ደቂቃ ጠበቀ። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ አዳመጠ። ባለማረፊያዋ ልታስነጥስ ስትል ሚስቱ አፏን በመዳፏ አፈነችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዳምጥ እግሮቹ እየራቁ ነበር፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ።

«አሁን» አለ። ሦስቱንም አወጣቸው።

አርባ ስድስት ደቂቃ ከሠላሳ ሴኮንድ። ጻፈው። ሚስቱ በትልቁ ኬክ ላይ ጎንበስ ብላ በረጅሙ ሳበች።

«እንዴት ነው?» አላት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ መጠየቁ ነበር።

«ቅቤው ቅድም ነው የሚመጣው» አለች ዓይኗን ጨፍና። «ከዚያ ስኳሩ። ሊያርር ያሰበ ስኳር አይደለም፣ ወርቅ የሆነ ስኳር። ከኋላ ደግሞ ትንሽ ሎሚ አለ።»

«ሎሚው አስራ ስምንት ግራም ነው።»

«አስራ ስምንት ግራም ይሸታል» አለችው።

በማግስቱ ልጅቱ ቀያይ ዛፎቹ ፊት፣ ራሷ በገመድ ባሰመረችው መተላለፊያ፣ በአባቷ ክንድ ሄደች። እርምጃዋን ትቆጥር እንደነበር በከንፈሯ ያስታውቃል፤ እሱም ይቆጥር ነበርና አልተስማሙም፤ እሱ ሠላሳ ስምንት፣ እሷ አርባ አለች። ከሙሽራው ፊት ደርሰው ስለዚህ ሲከራከሩ የመጀመሪያው ረድፍ ሰምቶ ሳቀ። ባለማረፊያዋ በሁለት መሐረብ መሃል ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ የትኛው ጉንፋን የትኛው እንባ እንደሆነ ለመለየት አልተቻለም። ኬኩ በዘጠኝ ሰዓት ተቆረሰ። አንድ ሸበቶ እንግዳ የተራራ ኬክ ሁልጊዜ ደረቅ እንደሆነ ለጎረቤቱ ሊያስረዳ ጀምሮ፣ አፉ ስለሞላ ሳይጨርሰው ቀረ።

ማምሻውን ጠረጴዛዎቹ ሲነሱ ጋጋሪው ሦስቱን ትሪ ሰብስቦ ወጥ ቤት ገባ። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ አስራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበር። በቢላዋ ጀርባ የሦስቱንም ፍርፋሪ ጠራርጎ ሚዛኑ ላይ አደረገ። የተረፈው ሃያ ሦስት ግራም ነበር።